ከአውራ ዶሮ ጩኸት በፊት

አሰላ ላይ ሌሊቱ ሲገባደድ ብርዱ ከጭላሎ ተራራ ቁልቁል ይወርዳል። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ቆጥ ላይ ያደረው አውራ ዶሮ ክንፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ያማታና ይጮኻል፤ የጎረቤቱም ይመልስለታል። አያቴ በዚያ ጩኸት ተነስታ እሳት ታያይዝ ነበር። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ የምጠብቀው የጎረምሳውን ጩኸት ነበር። ከወራት በፊት የተፈለፈለው ወንዱ ጫጩት አንድ ቀን ማለዳ አንገቱን አስግጎ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ ግማሽ ጩኸት ይጮኻል። በዚያው ሰሞን አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እንደ ዘውድ ይቆማል፤ እስከ ትናንት አብሮት ጥሬ ይለቅም ከነበረው ወንድሙ ጋር ደረት ለደረት ይጋጠማል። ከአንዲት እናት የወጣችው እህቱ ደግሞ ያንኑ ገብስ እየበላች ቄብ ትሆናለች፤ ድምፅዋን አጥፍታ ጨለም ያለ ማዕዘን ትፈልጋለች።

ማን አስተማራቸው? አያቴን ስጠይቃት መልሷ አጭር ነበር። «ደማቸው ነው ልጄ» ትለኝ ነበር። የሰው ልጅ ይህን መልስ በማስረጃ ለማጽናት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ ማስረጃውን በብዛት የሰጠችውም ይህችው ጓሯችን የምትጭር ዶሮ ናት። ታሪኩን ከመነሻው ልተርክ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙክትና ሰንጋ የሚያውቅ ሕዝብ

ዶሮ ለአገራችን የቅርብ ጊዜ እንግዳ አይደለችም። በትግራይ፣ መዝበር በተባለ ጥንታዊ የሰፈራ ቦታ በቁፋሮ የወጡት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ገደማ የሚያደርሱ ናቸው፤ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የዶሮ ቅሪቶች ሁሉ ከቀደምቶቹ ይቆጠራሉ። ዶሮዋ፣ ምናልባትም በቀይ ባሕር በኩል፣ ከመጣች ጀምሮ ከደጋ እስከ ቆላ ተዛምታ፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ፣ ልበ ወርቅ የሚል የላባ ስም ወጥቶላት፣ የበዓላችን ማድመቂያ ሆና ኖራለች።

ከዶሮ በፊትም ቢሆን ገበሬያችን የወንድነት ምንጭ ከወዴት እንደሆነ በእጁ ያውቅ ነበር። በሬ ለማረስ፣ ሰንጋ ለማድለብ፣ ፍየልን ሙክት ለማድረግ የሚያኮላሽ ሕዝብ፣ የዘር ፍሬው ሲወገድ ግልፍተኝነቱ እንደሚበርድ፣ ሥጋውም እንደሚለሰልስ ከአባቱ ይማራል። ከብት ሀብቱ በሆነበት በአርሲ ደጋ ይህ የዕለት ተዕለት እውቀት ነው። ገበሬው ከዚህም የረቀቀ ነገር ያያል፦ ገና ሳይጎረምስ የተኮላሸ ወይፈን አንገቱ ቀጭን እንደሆነ ይቀራል፤ ጎርምሶ ከተኮላሸ ግን የኮርማነት ቅርጹ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጊዜው ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ሳይንስ በዚህ ነጥብ ላይ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

የዶሮ የዘር ፍሬ ግን እንደ በሬ ውጭ የተንጠለጠለ አይደለም። ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ ከጀርባ አጥንት ሥር ተሸሽጓል። እርሱን የማኮላሸት ጥበብ በጥንታዊቷ ግሪክ የታወቀ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ መዝግቧል። ጎልማሳ አውራ ሲኮላሽ የራሱ ዘውድ ይገረጣል፣ መጮኹንም ይተዋል፤ ገና ጫጩት ሳለ የተኮላሸ ከሆነ ግን እነዚህ ምልክቶች ከነጭራሹ አይወጡለትም ብሏል። አርስጣጣሊስ ያየውን በትክክል አየ። ምክንያቱን ግን የሚናገርበት መሣሪያ አልነበረውም።

መሣሪያ የሌለው እውቀት አንዳንድ ጊዜ ወደ ፍርሃት ይወስዳል። በ1474 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ አንድ አውራ ዶሮ እንቁላል ጣለ ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ከተፈጥሮ ሕግ ወጥቷል ተብሎም ከነእንቁላሉ በእሳት ተቃጠለ። ይህን ሳነብ ያስታወስኩት የልጅነት ቤታችንን ነው። አንዲት አሮጊት ዶሮ ድንገት እንደ አውራ መጮኽ ጀመረች፤ አያቴ «ገደቢስ ናት» ብላ በዚያው ቀን አሳረደቻት። ባዝልና አሰላ በአምስት መቶ ዓመትና በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢራራቁም፣ በሁለቱም ቦታ የተፈራው አንድ ነገር ነው። የዚያችን ዶሮ ምሥጢር በኋላ እናገኘዋለን።

ጎቲንገን፣ 1848

በ18ኛው መቶ ዓመት ለንደን ውስጥ ጆን ሀንተር የተባለ የቀዶ ሕክምና ሊቅ የአውራ ዶሮን የዘር ፍሬ ወደ ሌላ ዶሮ ሰውነት ሊያዛውር ሞክሮ ነበር። እርሱ የፈለገው የተነቀለ አካል በሌላ ቦታ ሥር ሰዶ ይኖር እንደሆነ ለማየት ነው። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው ሌላ ሰው ነው።

በነሐሴ 1848፣ በአገራችን ዘመነ መሳፍንት ሊያከትም ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በጀርመን ጎቲንገን ከተማ አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ ሐኪምና መምህር ስድስት ጎረምሳ ዶሮዎች አዘጋጀ። ሁለትና ሦስት ወር የሞላቸው፣ ገና ያልጮኹ ነበሩ። ከሁለቱ ሁለቱንም የዘር ፍሬ አወጣ። ከሌሎቹ ሁለት አንዱን ፍሬ አውጥቶ፣ ሌላውን ከቦታው ነቅሎ እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ለቀቀው። ከቀሩት ሁለት ደግሞ ፍሬያቸውን አውጥቶ የአንዱን ለሌላው አለዋወጠ።

ወራት አለፉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰላማዊና ሰነፍ ሆኑ፤ ዘውዳቸው ገረጣ፣ ድምፃቸው የአውራ ድምፅ አልሆነም። አራቱ ግን በሁሉ ነገር አውራ ሆኑ። ጮኹ፣ ተጣሉ፣ ሴቶቹን ተከተሉ። በርትሆልድ ሲያርዳቸው ያየው ነገር ነው ታሪክ የሠራው። የተዛወረው ፍሬ አንጀታቸው ላይ ተጣብቆ፣ አዲስ የደም ሥር አብቅሎ በሕይወት ይኖራል። የቀድሞው ነርቭ ግን ተቆርጦ ቀርቷል። እንግዲያስ መልእክቱ ወደ ዘውዱ፣ ወደ ጉሮሮውና ወደ አንጎሉ የሚደርሰው በነርቭ መስመር ሊሆን አይችልም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ደም። በርትሆልድ ይህን በ1849 በአራት ገጽ ጽፎ አሳተመው። የዘር ፍሬው በደሙ ላይ ይሠራል፣ ደሙም በመላው ሰውነት ላይ ይሠራል አለ።

የአያቴን «ደማቸው ነው» እንዲህ ያለ ማስረጃ ላይ ቆሞ ሳገኘው ልቤ ተነክቷል። የሚያሳዝነው፣ አራቱ ገጾች ከስድሳ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሰሚ አጥተው መቅረታቸው ነው። በርትሆልድ በ1861 ሲሞት የአንድ ትልቅ ሳይንስ በር እንደከፈተ አላወቀም።

ስም የወጣለት መልእክተኛ

በ1905 በለንደን ኧርነስት ስታርሊንግ የተባለ የፊዚዮሎጂ ሊቅ በሰጠው ትምህርት፣ ከአንድ አካል ወጥተው በደም እየተጓዙ ሌላውን አካል ለሥራ የሚያነሱ ንጥረ ነገሮችን «ሆርሞን» አላቸው። ቃሉን የወሰደው «ማንቀሳቀስ፣ ማነሳሳት» ከሚል የግሪክ ግሥ ነው። የበርትሆልድ ስም አልባ መልእክተኛ በዚህ ስም አገኘ።

በ1923 የኤደንብራው ፍራንሲስ ክሩ የእኛን ገደቢስ ዶሮ ምሥጢር የሚፈታ ታሪክ አቀረበ። አንዲት ኦርፒንግተን የተባለ ዘር ዶሮ እንቁላል ስትጥል ከኖረች በኋላ መጮኽ ጀመረች፤ የአውራ ላባ አበቀለች፤ በመጨረሻም ከሌላ ሴት ዶሮ ጋር ተገናኝታ የሁለት ጫጩቶች አባት ሆነች። ነገሩ እንዲህ ነው። በሴት ዶሮ ሰውነት ውስጥ የሚያድገው ኦቫሪ የሚባለው እንቁላል አመንጪ አካል በግራ በኩል ያለው ብቻ ነው፤ የቀኙ ሳይዳብር ተኝቶ ይቀራል። የግራው ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ የሴቷን ላባና ጠባይ የሚጠብቀው እርሱ ነው። የግራው በበሽታ ሲጠፋ ግን የተኛው የቀኙ ተነስቶ ወደ ወንድ የዘር ፍሬነት ሊያዘነብል ይችላል። ቤታችን የታረደችው ዶሮ ምናልባት ታማ ነበር። ያወጀችው መዓት አልነበረም፤ የሰውነቷን ለውጥ ነበር።

በ1927 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፍሬድ ኮክ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ወጣት ተመራማሪ ሌሙኤል ማክጊ ከኮርማ የዘር ፍሬ የወጣ ቅባታማ ጭማቂ ለተኮላሸ አውራ ሲወጋ የገረጣው ዘውድ መልሶ ቀላ። ከዚያ ወዲህ የተኮላሸ ዶሮ ዘውድ የሆርሞን መለኪያ ሚዛን ሆነ። ዘውዱ ምን ያህል እንዳደገ በመለካት የጭማቂው ኃይል ይታወቅ ነበር። በዚህ ሚዛን እየተመሩ በ1935 በአምስተርዳም የኧርነስት ላኩዌር ቡድን ንጹሑን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና ቴስቶስትሮን አለው። በዚያው ዓመት ቡተናንትና ሩዚችካ የተባሉ ኬሚስቶች በየፊናቸው በቤተ ሙከራ ሠሩት፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

መልእክተኛው በጠርሙስ ከገባ በኋላ ሙከራው በረታ። በ1939 አሊ፣ ኮሊያስና ላተርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በመንጋ ውስጥ የበታች ለሆኑ ሴት ዶሮዎች ቴስቶስትሮን ሲወጉ፣ ተመትተው የሚሸሹት ተነስተው መቱ፤ ማዕረጋቸው ከፍ አለ። በ1942 ኖብልና ዚትሪን ለጫጩቶች ሲሰጡ፣ ወራት መጠበቅ የነበረበት የአውራነት ጠባይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ታየ። የሚገርመው ሴት ጫጩቶችም አንዳንዱን የወንድ ጠባይ ማሳየታቸው ነው። የጩኸቱ መንገድ በወንዱም በሴቷም አንጎል ውስጥ ተዘርግቶ ኖሯል፤ የሚጠብቀው የሚያስነሳውን መልእክተኛ ብቻ ነበር።

ብርሃን፣ ዝናብና የታቀፈች ዶሮ

ወጣቷ ወፍ ለአካለ መጠን የምትደርስበትን ጊዜ የሚወስነው ማን ነው? በ1924 መኸር በካናዳ ኤድመንተን ዊልያም ሮዋን የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁንኮ የሚባሉ ትናንሽ ወፎችን ይዞ፣ ውጭ ባለ ጎጆ በከባድ ብርድ ውስጥ አኖራቸው። በየምሽቱ ግን በኤሌክትሪክ አምፖል ቀናቸውን ጥቂት በጥቂት አስረዘመው። በበረዶው መካከል የመራቢያ አካላቸው እንደ ጸደይ አደገ፤ ዘመሩም። የወፏን ሆርሞን የሚያስነሳው የቀኑ ርዝመት እንደሆነ ታወቀ። በ1930ዎቹ ፈረንሳዊው ዣክ ቤንዋ በዳክዬዎች ባደረገው ሙከራ ብርሃኑ በዓይን ብቻ ሳይሆን በራስ ቅል በኩል አልፎ ወደ አንጎል እንደሚደርስ አሳየ። እንቁላል አምራቾች በዶሮ ቤት አምፖል የሚያበሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቄቧ ጊዜዋ ሳይደርስ ብርሃን ከበዛባት ደግሞ ቶሎ ጀምራ ትንንሽ እንቁላል እንደምትጥል ያውቃሉ።

ሌላው ግኝት ከእርግብ ጉሮሮ ወጣ። ኦስካር ሪድል በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ እርግብ ጫጩቶቿን የምትመግበውን «ወተት» የሚያስመነጨውን የአንጎል ሥር ዕጢ ሆርሞን ለይቶ ፕሮላክቲን አለው። ቀጥሎም ይህ ሆርሞን ዶሮን እንቁላል ላይ እንድትቀመጥ የሚያደርግ መሆኑን አሳየ።

ወደ አሰላ ጓሮ የሚመልሰን ይህ ግኝት ነው። የአበሻ ዶሮ አሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት እንቁላል ትጥልና ጭር ትላለች። ላባዋን ታቆማለች፣ ቀርበህ ብትነካት ትቆጣለች፣ እህልና ውኃ ትረሳለች፤ ደረቷን ከእንቁላሉ ላይ አታነሳም። እንቁላሉ የላባ መከለያው የሳሳውን የደረቷን ቆዳ ሲነካው ፕሮላክቲኗ ይጨምራል፤ ፕሮላክቲኑ ደግሞ ሌላ እንቁላል የሚያስጥላትን የሆርሞን ሰንሰለት ይገታል። አያቴ ጫጩት ስትፈልግ ጭድ የተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ ታሳቅፋታለች። እንቁላል የፈለገች እንደሆነ ግን ዶሮዋን አንስታ ለጥቂት ቀን ለጎረቤት ትሰጣለች፤ ጎጆዋንም ታፈርሳለች። ሌሎች ደግሞ ውኃ ይረጩባታል ወይም ለጥቂት ጊዜ በእግሯ ያንጠለጥሏታል። ጎጆውና እንቁላሉ ከደረቷ ሲርቅ ፕሮላክቲኗ በቶሎ ይወርዳል፤ ዶሮዋም ተመልሳ ትጥላለች። አያቴ የሆርሞኑን ስም አልሰማችም። የሆርሞኑን በር መክፈቻና መዝጊያ ግን በእጇ ይዛ ነበር።

ካዱ አሰላ ላይ ሲተከል

በ1950ዎቹ ነጭ ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድና ሌሎች የውጭ ዝርያዎች በአለማያና በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ አገራችን ገቡ። ከዚያ በ1967 ኢትዮጵያና ስዊድን ተስማምተው አሰላን መቀመጫው ያደረገ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ተቋቋመ። ካዱ በስንዴው፣ በማዳበሪያውና በብድሩ ይታወሳል። የአርሲን ላም ከፍሪዥያን እያዳቀለ ጊደር ለገበሬ ማከፋፈሉም አይረሳም። ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ ሲመጣ ገበሬው ላሟ ኮርማ የፈለገችበትን ሰዓት መለየት ነበረበት፤ ስታጓራ፣ ስትቅበጠበጥ፣ በሌላዋ ላይ ስትወጣ። የአርሲ እረኛ ለዚህ ትምህርት እንግዳ አልነበረም። ሆርሞንን በዓይኑ ማንበብ አብሮት ያደገ ጥበብ ነው።

በዶሮ በኩል ግን ያ ዘመን የተወልን ከባድ ጥያቄ አለ። ሌግሆርን በብዙ ትውልድ ምርጫ ጭርነቷን ያጣች ዘር ናት። አትታቀፍም፤ ስለዚህ ሳታቋርጥ ትጥላለች። የዛሬዎቹ የውጭ እንቁላል ጣዮች በዓመት ከ300 በላይ እንቁላል ሲሰጡ፣ በገበሬ ጓሮ በራሷ የምታድር የአበሻ ዶሮ ከ40 እስከ 60 ብቻ ትሰጣለች። ልዩነቱ ግዙፍ ነው፤ ችግረኛ ቤት እንቁላል ይፈልጋል። ነገር ግን የማትታቀፍ ዶሮ ስታረጅ የሚተካት ከማስፈልፈያ ማሽንና ከፋብሪካ ነው። ማሽኑ ቢቆም፣ መንገዱ ቢዘጋ፣ ዋጋው ቢወጣ ጓሮው ባዶ ይቀራል። ከዶሮዋ ደም የተወሰደው የእናትነት ሥራ በሌላ ሰው እጅና በሌላ ሰው ገንዘብ ተተክቷል።

እንቁላሉ ውስጥ የተጻፈው

ካዱ አሰላ ላይ በሚሠራበት ዘመን ሳይንሱ ፊቱን ወደ ጫጩቷና ወደ እንቁላሏ አዞረ። በ1972 በእንግሊዝ ሪቻርድ አንድሩና ሌስሊ ሮጀርስ ቴስቶስትሮን የተሰጣቸው ጫጩቶች አንድ ዓይነት ጥሬ መፈለግ ከጀመሩ ከዚያው ጥሬ ላይ ሐሳባቸውን እንደማያነሱ አሳዩ። ሆርሞኑ ጡንቻና ዘውድ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ የሐሳብን ጽናትም ይለውጣል። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚለው ተረታችን በጫጩቷ አንጎል ውስጥ እንዲህ ያለ ሥር አለው።

በ1975 ኤልሳቤጥ አድኪንስ በጃፓን ድርጭት እንቁላል ላይ የሠራችው ሙከራ ገበሬው በወይፈኑ አንገት ያየውን ነጥብ አጸናው። ገና በእንቁላል ውስጥ ሳሉ ኤስትሮጅን የደረሳቸው ወንድ ድርጭቶች አድገው ቴስቶስትሮን ቢወጉም ሴትን የመገናኘት ጠባይ አላሳዩም። ሆርሞን ሁለት ዓይነት ሥራ አለው ማለት ነው። አንዱ በጠዋቱ፣ ሳይፈለፈሉ፣ መንገዱን ይቀይሳል፤ ቀያሹ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መመለስ የለም። ሁለተኛው በጉርምስና መጥቶ በተቀየሰው መንገድ ላይ ይሄዳል።

በ1992 ኤልብሬክትና ስሚዝ በዶሮ እንቁላል ውስጥ ኤስትሮጅን እንዳይሠራ የሚከለክል መድኃኒት በወቅቱ ሲሰጡ፣ በዘር ሴት የሆኑት ጽንሶች ሁለት የወንድ ዘር ፍሬ አውጥተው፣ መልካቸውም ጠባያቸውም የአውራ ሆኖ አደጉ። በሰው ልጅና በከብት ወንዱን የሚቀርጸው የዘር ፍሬው ሆርሞን ሲሆን፣ በወፍ ዘንድ ሴቷን ሴት የሚያደርጋት ኤስትሮጅን ነው። በ2010 ደግሞ የስኮትላንዱ ሮዝሊን ተቋም ተመራማሪዎች ግማሽ ጎናቸው ወንድ፣ ግማሽ ጎናቸው ሴት የሆኑ ብርቅ ዶሮዎችን መርምረው፣ እያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስም የራሱን ጾታ እንደሚያውቅ አሳዩ። አንድ ደም በሁለቱም ጎን ሲዞር ጎኖቹ እንደየራሳቸው መለሱ። ደም ብዙ ይናገራል፤ የሚሰማው ሥጋም የራሱ ቃል አለው።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የ1993ቱ ግኝት ነው። ሁበርት ሽዋብል የተባለ ተመራማሪ የካናሪ ወፍ እናት በእንቁላሏ አስኳል ውስጥ ቴስቶስትሮን እንደምታኖር አገኘ። በኋላ የጣለቻቸው እንቁላሎች ከመጀመሪያዎቹ የበለጠ ይይዛሉ። ከእነርሱ የሚወጡት ጫጩቶች ዘግይተው የተፈለፈሉ ታናናሾች ናቸው፤ ከታላላቆቻቸው ጋር ምግብ የሚሻሙ። ብዙ የደረሳቸው ጫጩቶች በመንጋው ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ሲይዙ ታዩ። እናቲቱ ከመታቀፏ በፊት፣ ልጇ ወንድ ይሁን ሴት ሳታውቅ፣ ስንቅ ቋጥራለታለች።

በ1998 ሚካኤላ ሀውና ባልደረቦቿ በፓናማ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በሚኖሩ የጫካ ወፎች ላይ ያደረጉት ጥናት ለአሰላ ቅርብ ነው። አሰላ 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት አይሞላም። በኤድመንተን ልዩነቱ ከ9 ሰዓት ይበልጣል። ታዲያ በእኛ ሰማይ ሥር ወፍ ምን ቆጥራ ወቅቷን ታውቃለች? የፓናማዎቹ ወፎች በ17 ደቂቃ ብቻ ለረዘመ ቀን የመራቢያ አካላቸውን አሳደጉ። ክረምትና በጋ በዝናብ በሚለዩበት ደጋችን ላይ የሚዘምሩት ወፎች ቆጠራም ከዚህ ያልተናነሰ ረቂቅ ይመስለኛል።

በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች ሌላ በር ከፈቱ። ጫጩት እንደተፈለፈለች ያየችውን የሚንቀሳቀስ ነገር እናቴ ብላ እንደምትከተል ኮንራድ ሎሬንዝ በ1935 በዝይዎች ጽፎ ነበር። ይህ መስኮት የሚከፈተው ለአጭር ጊዜ ነው። ጃፓኖቹ መስኮቱን የሚከፍተው ወደ ጫጩቷ አንጎል የሚጎርፈው የታይሮይድ ሆርሞን እንደሆነ አረጋገጡ። በድርጭት አንጎል ውስጥ የረዘመውን ቀን ወደ መራቢያ ወቅት የሚተረጉመውም ይኸው ሆርሞን እንደሆነ በ2003 ታውቆ ነበር። ጫጩት እናቷን የምታውቅበትና ጎልማሳዋ ወፍ ወቅቷን የምታውቅበት መልእክተኛ አንድ ነው።

በደሟ ውስጥ ያለውን አንጣ

በ2008 የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ሆሮ የተባለውን አገር በቀል ዶሮ ከትውልድ ትውልድ እየመረጠ ማሻሻል ጀመረ። ከውጭ ከማምጣት ይልቅ በደጃችን ያለውን ማሳደግ መልካም መንገድ ነው፤ ደስ ይለኛል። አንድ አደራ ግን አለኝ። ብዙ የጣለችውን መምረጥ፣ ሳይታሰብ ያልታቀፈችውን መምረጥ ሊሆን ይችላል። ፕሮላክቲን እንቁላልን ይገታልና፣ በእንቁላል ብዛት ብቻ የሚመርጥ እጅ ቀስ በቀስ እናትነትን ይነቅላል። ሌግሆርን የዛሬዋን ሌግሆርን የሆነችው እንዲሁ ነው። ስለዚህ መራጩ እንቁላሉን ሲቆጥር የታቀፈችውንም፣ ጫጩቶቿን ከጭልፊት ጠብቃ ያሳደገችውንም ቢቆጥርልን፤ በአሰላ፣ በቆጂና በዲገሉ ገጠር ጓሮዎች ጭር የሚሉ ዶሮዎች ሳይጠፉ ቢቀሩልን እወዳለሁ። ሁለት ዓይነት ዶሮ በአንድ መንደር ሊኖር ይችላል፤ የምትጥለውና የምትታቀፈው። የታቀፈችው የሌላዋንም እንቁላል ትፈለፍላለች፤ አያቴ ይህን ከእኔ አስቀድማ ታደርገው ነበር።

አንድ ነገር ላክል። በሃያ አንደኛው ቀን ዋዜማ አያቴ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ታቀርብ ነበር። እኔንም ትጠራኛለች። ከእንቁላሉ ውስጥ ቀጭን ጭጭታ ይሰማል፤ ዶሮዋም በለሆሳስ ትመልሳለች። በዚያን ጊዜ አስኳሉ ከእናቱ የተሰነቀውን አድርሷል፤ የወንድና የሴት መንገድ ተቀይሷል፤ እናቱን የሚያውቅበት መስኮት ሊከፈት ነው። ከወራት በኋላ በብርዳማው ማለዳ የሚሰበረው የጎረምሳ ድምፅ ከዚህ ተጀምሯል። አያቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም እንድል ታደርገኛለች፤ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እናዳምጣለን።